ምድጃው ውስጥ ማን አለ?

ኢንጂነር ናሆም የከተማውን ሕዝብ የሚያውቀው በቆሻሻው ነበር፤ የሚንቀውም በዚያው። በየማለዳው መኪኖቹ የበሰበሰ ሙዝ፣ የሕፃን ዳይፐርና የተጨማደደ ፌስታል ሲዘረግፉ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ይቆምና፣ ከዚህ ሁሉ ግማት ናፍጣ የሚያወጣው የእሱ ጭንቅላት መሆኑን እያሰበ ይኮራል። ፌስታሉን ለይተው ወደ ምድጃው የሚከቱትን ሠራተኞች ግን ከቆሻሻው ለይቶ አያያቸውም።

ፌስታሉ ቀልጦ ናፍጣ የሚወጣበት ምድጃ ሰው ቆሞ የሚገባበት ረጅም የብረት በርሜል ነው። ሲቀዘቅዝ አንድ ሠራተኛ ገብቶ ጥላሸቱን ይፍቃል። እሳቱ ከመለኮሱ በፊት በሩን የሚጠብቁት ጋሽ ኤርጫፎ የገባውን በስሙ ይጠራሉ፤ ከውስጥ «አቤት» የሚል ከሌለ ይዘጋሉ። ሰሞኑን ግን ሰው ሁሉ ወጥቶ እንኳ «አቤት» የሚል ድምፅ ይሰማል ብለው ሠራተኞቹ አንገባም አሉ።

«ብረት ሲቀዘቅዝ ይጮኻል፤ እናንተ ሰይጣን ታደርጉታላችሁ!» አለ ናሆም። ከሰዓት ምድጃውን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ፤ ምድጃው ካልነደደ የቋመጠለት የሥራ አስኪያጅ ወንበር ይቀርበታል።

«ኢንጂነር፣ ትናንት ከምድጃው ውስጥ የሳቀው በእርስዎ ድምፅ ነው» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ አንገታቸውን ደፍተው።

«ደንቆሮ ሁላ!» ብሎ ባትሪና መፋቂያ ነጥቆ ገባ።

መጀመሪያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው፤ እየዘለቀ ሲሄድ ግን ጠረኑ ወደ ተለበለበ ፀጉር ተለወጠ፣ ጨለማውም የባትሪውን ብርሃን እየዋጠ ከፊቱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ተወለት። ፋቀ። እጁን ሲያቆም መፋቁ ከወደ ጥልቁ አንድ ጊዜ ቀጠለ። ገደል ማሚቶ ነው ብሎ ራሱን ሰደበ። ጥላሸቱ ጉሮሮውን ሲከረክረው ሳል መጣበት፤ እሱ ሳይስል ግን ሳሉ ከፊቱ ተሰማ፣ የራሱ ሳል።

ፈራ። ከሞኞች ጋር ውዬ ሞኝነት ተጋባብኝ ብሎ ሊስቅ ሲል አንድ ቀዝቃዛ ነገር ትከሻውን ታክኮት ወደ በሩ አለፈ።

«ኢንጂነር ናሆም!» ሲሉ ጋሽ ኤርጫፎ ከበሩ ተጣሩ።

ለቆሻሻ ለቃሚ አቤት ልበል? ብሎ ዝም አለ። ሽማግሌው ደግመው ተጣሩ። አሁን ፍርሃቱ ንቀቱን አሸነፈውና አፉን ሲከፍት፣ ከውጭ፣ ከሽማግሌው አጠገብ፣ የራሱ ድምፅ በትሕትና ቀድሞት መለሰ፦ «አቤት ጋሼ፣ ወጥቻለሁ፤ ከውስጥ የሚጮህ ቢኖር አይስሙት፣ ይዝጉት።»