የሰባተኛው ቡቃያ ቁመት

የዶክተር እዮኤል ሬሳ የተገኘው ቀርከሃ በሚዘፈዘፍበት ገንዳ ውስጥ ነው። ጊዜው ነሐሴ 2002 ዓ.ም.፣ ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ነበር። ከሶዶ ከተማ በላይ፣ ዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ባለው የቀርከሃ ምርምር ጣቢያ፣ የተቆረጠ ቀርከሃ ነቀዝ እንዳይበላው ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ውሃው ሲከርም እንደ በሰበሰ ቆዳ ይሸታል። የጣቢያው ጥበቃ ጋሽ ደገፉ ግንዶቹን ሊያወጡ ሲጎትቱ አብሮ የመጣላቸው የሰው እጅጌ ነበር።

ኢንስፔክተር ኤርካሎ ሲደርስ ሬሳው ሣር ላይ ተጋድሟል። ማጅራቱ ላይ በከባድ ነገር ተመትቷል። ሐኪሙ መርምሮ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የቆየ ሬሳ የሞተበትን ሰዓት በትክክል እንደማይናገር አስታወቀ።

ሟቹ የሚያድረው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ተቆልፋ ስለነበረና ቁልፉ ገና ስላልተገኘ ኤርካሎ በሩን ሰብሮ ብቻውን ገባ። ጠረጴዛው ላይ የልኬት ደብተር ተዘርግቶ አገኘ። ዶክተር እዮኤል በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በላይኛው ደን ያሉ አሥራ ሁለት የቀርከሃ ቡቃያዎችን እየለካ በክረምት ምን ያህል እንደሚያድጉ ይመዘግብ ነበር። የመጨረሻው መስመር «ዓርብ» ይላል፤ አሥራ ሁለቱም ቁመቶች ተሞልተዋል። በዚህ ከሄዱ ሰውየው ዓርብ ጠዋት በሕይወት ነበር። ኤርካሎ ደብተሩን ለማንም ሳያሳይ ኮቱ ውስጥ ከተተው።

ከደጅ ሲወጣ ቦጋለ የሚባል፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ኃላፊ ጠበቀው። ለአገር አቀፉ የቀርከሃ ልማት ፖሊሲ ጥናት የሚያደርጉ እንግዶች ሰኞ ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ፣ ነገሩ እስከዚያ ቢያልቅ ደስ እንደሚለው ነገረው። ስለ ሟቹ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ኤርካሎ ሬሳው ወደተጋደመበት ዞር ብሎ ተመለከተና ሠራተኞቹን ሊያነጋግር ሄደ።

ከሟቹ ሌላ ጣቢያው ውስጥ የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ጋሽ ደገፉን በወላይትኛ አነጋገራቸው። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ቴክኒሻኗ ሐመልማል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ አስተባባሪው አቶ ጉልላት በመኪናው ከበሩ ሲወጡ አይተዋል። ዓርብ ዶክተሩን አላዩትም፤ እሱ ግን ላይኛው ደን ከገባ ቀኑን ሙሉ ላይታይ ስለሚችል አላሰቡበትም። ሟቹ ባለፈው ወር ጃርት ቡቃያ በላ ብሎ ማስጠንቀቂያ እንደጻፈባቸውም አልደበቁም። ስለ ላይኛው ደን ሲጠየቁ ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

ሐመልማል ፊት ለፊት የምትናገር ሴት ነበረች።

«አልወደውም ነበር» አለችው። «ሦስት ዓመት ያፈላሁትን ችግኝ የራሱ ሥራ አድርጎ አሳትሞታል። ሆኖም የውሸት ቁጥር አይጽፍም።»

«ማን ይጽፋል?»

«የእሱን ጥናት ያንብቡት። እኛ አርባ ሄክታር ቀርከሃ አለማን ብለን ሦስት ዓመት ሪፖርት አድርገናል። እሱ ዞሮ ቆጥሮ ያገኘው ስድስት ነው። ሰኞ ለእንግዶቹ ሊያቀርበው ነበር።»

«አርባ ቢሆን ስድስት ቢሆን ማንን ይጎዳል?»

«በአርባው ላይ ተመሥርቶ ፋብሪካ ይታቀዳል። ለፋብሪካው ተብሎ የገበሬው እንሰት ይነቀላል። ቀርከሃው ግን የለም።»

ጉልላትን ያገኘው ቅዳሜ ጠዋት ቢሮው ውስጥ ነው። አስተባባሪው ስለ ሟቹ በሐዘን ቃል ጀመረ፤ ወዲያው ግን ሳይጠየቅ ስለራሱ ጉዞ ገባ።

«እኔ ዓርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወደ ሐዋሳ ወጥቻለሁ። ስብሰባ ነበረኝ፤ ሠላሳ ሰው ይመሰክርልኛል። እሱ ቡቃያውን ለክቶ ሲመዘግብ እኔ ሻሸመኔ ደርሻለሁ።»

ኤርካሎ ይህን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሐሙስ ማታ ምን ሲሠራ እንዳመሸም ጠየቀው፤ ጉልላት ለሰኞው ጉብኝት ሲዘጋጅ እንደነበር መለሰለት።

ከዚያ ኤርካሎ ዝግጅቱን ሊያይ እንግዶቹ ወደሚመጡበት የመኪና መንገድ ወረደ። በግራና በቀኝ ለምለም ቀርከሃ ተሰልፏል። አንዱን በአንድ እጁ ሳብ ቢያደርገው ከጭቃው ወጥቶ እጁ ላይ ቀረ። ሥር የለውም። ቀጣዩም፣ ሌላውም እንደዚያው። ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተሰካ ነበር፤ መሐል መሐሉ ያለው ቅጠል መድረቅ ሲጀምር አረንጓዴ ቀለም ተረጭቶበታል። ቀለሙ ጣቱ ላይ ቀረ። ሣር ላይ ደጋግሞ ጠረገው፤ አልለቀቀውም።

ደብተሩን ይዞ ወደ ላይኛው ደን ወጣ። በየቡቃያው ሥር ቁጥር ያለበት ችካል ተተክሏል፤ አንድ በአንድ ከደብተሩ ጋር አስተያየ። ሰባተኛው ችካል ጋ ሲደርስ ቆመ። ቡቃያ የለም። አፈሩን ጫር ቢያደርገው የተጋጠ ጉቶ ብቅ አለ።

ጋሽ ደገፉን አስጠርቶ ቀስ ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው እውነቱን ተናገሩ። ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ጃርት ገብቶ በልቶታል፤ ዓርብ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አይተው፣ ከሥራ እንዳይባረሩ ፈርተው የተረፈውን ጥለው ጉቶውን አፈር አልብሰውታል።

እሑድ ሰዎች ከጸሎት ሲመለሱ ኤርካሎ ሦስቱንም የጣቢያው ቢሮ ውስጥ ሰበሰባቸው። ቦጋለም መጥቶ በር አጠገብ ተቀመጠ።

«ዶክተር እዮኤል ዓርብ ጠዋት በሕይወት ነበር የሚለን ይህ ደብተር ብቻ ነው» አለ ኤርካሎ። «ሰባተኛው ቡቃያ ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት ነው ይላል። ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ ግን ሰባተኛ ቡቃያ የሚባል ነገር አልነበረም። ሌሊቱን ጃርት በልቶታል።»

ኤርካሎ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«እንግዲህ መስመሩ የተጻፈው ጃርቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ሐሙስ ነው። የጻፈው ሰው በሐሙሱ ቁመት ላይ እየገመተ ጨመረበት። ዶክተሩ ያላየውን ቁጥር አይጽፍም፤ ሐመልማል ይህን ነግራኛለች። ታዲያ ሟቹ ዓርብ በሕይወት ነበር እንዲባል የሚፈልገው ማነው? ሐመልማልና ጋሽ ደገፉ ዓርብ እዚህ ነበሩ፤ ይህ ውሸት እነሱን ያስጠረጥራል እንጂ አያድንም። የሚጠቅመው ዓርብ ሩቅ አገር ለዋለ ሰው ብቻ ነው።»

ጉልላት ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይህ ግምት ነው።»

«ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት፣ ዓርብ ለክቶ መመዝገቡን ነግረኸኛል። ደብተሩን ማን አሳየህ?»

«ሰዎች ሲያወሩ...»

«የትኞቹ ሰዎች? ክፍሉ ተቆልፎ ነበር፤ የከፈትኩት እኔ፣ ያነበብኩትም እኔ ብቻ ነኝ። የሟቹ ቁልፍ ኋላ ልብሱ ሲፈተሽ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። ሁለተኛው የሚቀመጠው አስተባባሪው፣ አንተ ጋ ነው። ሐሙስ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓትም፣ ጥበቃው በር ላይ ሳሉ፣ ከእሱ ጋር የቀረኸው አንተ ነህ።»

ጉልላት ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው፣ ቁጥሩን እንዲያስተካክል ሟቹን ለምኖት እንደነበር ተናገረ። ሌሎቹ ወረዳዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው አለ። እዮኤል ጀርባውን ሲሰጠው ደሙ ፈላ፤ ያነሳው አጠገቡ የነበረውን ድፍን የቆላ ቀርከሃ ነው። ሐመልማል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሽ ደገፉ ቆባቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ።

ኤርካሎ የእጅ ሰንሰለቱን ሲያወጣ ቦጋለ ክንዱን ይዞ ወደ ደጅ ሳበው።

«ኢንስፔክተር፣ ጥፋተኛ መሆኑን አልካድኩም» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ነገ ለእንግዶቹ ማብራሪያ የሚሰጠው እሱ ነው። ስለ አርባው ሄክታር እንደሱ የሚያውቅ የለም። እስከ ነገ ማታ እዚሁ በጥበቃ ቢቆይ ምን ይላል?»

ኤርካሎ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሽቶ ተቀብቷል። ገንዳው ዳር ሬሳ አጠገብ ሲንበረከክ ያልመጣበት ትውከት አሁን ጉሮሮው ድረስ መጣ። ዞር ብሎ አጥሩ ሥር አስመለሰ። አፉን ጠርጎ ሲመለስ ቦጋለ አሁንም መልሱን እየጠበቀ ቆሞ ነበር።