ተቃውሞ ያልደረሰበት ደብዳቤ

ከኢዮቴባ ጋር የተዋወቅነው በዓሣ ጉበት ተጣልተን ነው።

እኔ በደሴት አገራችን በማጁሮ ወደብ ላይ ከመርከብ ወደ መርከብ የሚዛወረውን የቱና ዓሣ እቆጣጠራለሁ። እሱ ከጎረቤታችን ደሴት አገር ከኪሪባስ የመጣ ታዛቢ ነበር። ደሴቶቻችን ተስማምተው ባወጡት ደንብ የአንዱ አገር ታዛቢ የሌላውን መርከብ ተሳፍሮ የተያዘውን ይመዘግባል። ሃምሳ ቀን ባሕር ላይ ከርሞ ወረደና ትንንሾቹን ዓሦች በሙሉ «ባለ ቢጫ ክንፍ» ብሎ ሞልቶ ቅጹን ሰጠኝ።

አንዱን አነሳሁ። «ይሄ እኮ ሌላው ቱና፣ ዓይነ ትልቁ ነው።»

«እህቴ፣ ሃምሳ ቀን ሙሉ ከዓሣ ጋር ነው ያደርኩት።»

«አብሮ ማደርና ማወቅ ለየቅል ነው።»

ቢላዬን አውጥቼ ሆዱን ቀደድኩና ጉበቱን አሳየሁት። ዳር ዳሩ መስመር መስመር አለው፤ የዓይነ ትልቁ ጉበት እንደዚያ ነው። ጉበቱን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ጉበቱን አየ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። ጉድ የሠራኝ ያ ሳቅ ነው።

መርከቡ ወደብ በገባ ቁጥር እየተገናኘን ሁለት ዓመት ተዋደድን። መከራዬ የጀመረው በአገሩ በታራዋ ቢሮ ሰጥተው የስብሰባ ሰው ሲያደርጉት ነው። ደሴቶቹ ስለ ቱና የሚያደርጉት ስብሰባ ሁሉም ካልተስማማ ምንም አይወስንም። አንዱ «አገሬን ልጠይቅ» ይላል፣ ሌላው አንዲት ቃል ላይ ሁለት ቀን ይከርማል። ዓሣው ዛሬ በእኛ ባሕር፣ ነገ በእነሱ ባሕር ስለሚዋኝ ብቻውን የሚወስን እንደሌለ ይገባኛል። ያልገባኝ ሰውዬው ይህንኑ ጠባይ ይዞ ወደ ፍቅር መምጣቱ ነው።

«መቼ ነው የምንጋባው?» ስለው፣ «አጎቴን ላማክር» ይለኛል። አጎቱን ሲያማክር ደግሞ «የመንደሬ ሽማግሌዎች አዳራሹ ውስጥ ይምከሩበት» ይላል። ስምንት ወር እንዲህ አለ! አንጀቴ አረረ።

በመጨረሻ ለእናቴ ደብዳቤ ላከ። ሰላምታው ደህና ነበር። መጨረሻው ላይ ግን «በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካልደረሰኝ እንደተስማሙ እቆጥራለሁ» ይላል። በእነሱ ቢሮ የሚጻጻፉት እንዲህ ነው፤ መልስ ያልሰጠ አገር እንደተስማማ ይቆጠራል። በእኛ ዘንድ ግን መሬትም ዘርም የሚወረሰው በእናት በኩል ነው፤ ልጇን የፈለገ ራሱ መጥቶ ፊቷ ይቀመጣል እንጂ በፖስታ አይጠይቅም።

እናቴ ደግሞ ስትቆጣ አትጮኽም፣ ዝም ትላለች። «መቆጣቴን ብትነግሪው ልጄ አይደለሽም» አለችኝና ዝም አለች። እኔም እየነደድኩ ቀን ቆጠርኩ።

በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ኢዮቴባ አጎቱን አስከትሎ፣ ለስጦታ ሁለት ጥቅል ምንጣፍ ተሸክሞ፣ በፈገግታ ተሞልቶ በራችን ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ስለተስማሙልን እግዜር ይስጥልኝ!»

«ማን ነው የተስማማው?»

«ተቃውሞ... አልደረሰኝማ።»

«ይኸው ደረሰህ። እቃወማለሁ።»

ምንጣፉ ከትከሻው ተንሸራተተ። አጎቱ ጉሮሮውን ጠረገ። ኢዮቴባ ላቡን ጠርጎ «እንግዲህ በዚህ ነጥብ ላይ የተሻሻለ ሐሳብ ይዘን...» ብሎ ሲጀምር የታመቀው ሁሉ ገነፈለብኝ።

«ኧረ በፈጠረህ ዝም በል! አጎትህን ጠየቅክ። አዳራሹን ጠየቅክ። እናቴን በፖስታ ጠየቅክ። እኔን መቼ ነው የጠየቅከኝ?»

«አንቺማ... እሺ ያልሽ መስሎኝ።»

«ማን ነገረህ? አንድ ቀን ታገቢኛለሽ ወይ ብለኸኛል?»

አላለኝም። ማንም አላለኝም። እናቴ እንኳ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከደብዳቤው ወዲህ ፊቴን ስታይ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ምንጣፉን ትቶ ቀረበኝ።

«ሊጆን፣ እወድሻለሁ። አንቺ የሌለሽበት ቀን ቀን አይመስለኝም። ታገቢኛለሽ?»

አምላኬ፣ እንዴት እንደምወደው! እንዴትስ እንደሚያበሽቀኝ!

«አዎ፣ አንተ ደንቆሮ» አልኩት እያለቀስኩ።

እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች።

«ልጄ እሺ ካለች እኔ አልከለክልም። ግን ከዚህ አትሄድም። መሬቷ እዚህ ነው፣ ልጆቿም እዚሁ ያድጋሉ። አንተ ልጅ፣ ታራዋን ትተህ እዚህ ትኖራለህ?»

አጎቱ ደነገጠ። «ይሄማ ከባድ ነገር ነው። መጀመሪያ ተመልሰን ከሽማግሌዎቹ ጋር...»

ኢዮቴባ አፉን ከፈተ። የሚለውን ስምንት ወር ሰምቼዋለሁ። አንገቱ ወደ አጎቱ ሊዞር ጀመረ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ተወውና ወደ እናቴ መለሰው።

«እሺ» አለ።