የጋሼ ሚሊሜትር መደርደሪያ

«አደጋ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ኢንስፔክተሯ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። «መደርደሪያው ከነጣውላው ተገንጥሎ ጭንቅላቱ ላይ ወረደ። ሰውየውም ወዲያው አለፈ።»

«አንተ ጨርሰኸዋላ! ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ? ላጨበጭብልህ?»

ሃምሳ አለቃው አንገቱን ደፋ። በጣቢያው ይህችን ሴት «ወንፊት» ይሏታል። ገለባውን ነፍታ ፍሬውን ስለምታስቀር ነው ይላሉ የሚወዷት። የማይወዷት ደግሞ ፊቷ ቆሞ ያልተበጠረ ሰው ስለሌለ ነው ይላሉ። ሰነፍ ፖሊስ ትንቃለች፤ ሰነፍ ውሸታም ትንቃለች፤ ከሁሉም አብልጣ የምትንቀው ግን ተቻኩሎ የሚሠራ ገዳይን ነው።

ሟቹን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሼ ሚሊሜትር» በሚል ስም ነበር። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ወርክሾፕ አድርጎት በየሳምንቱ በሬዲዮ የቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ ዘዴ ያስተምራል። ትምህርቱ ጥሩ ነው ይባላል፤ ምላሱ ግን መጋዝ ነው። «እንጨት ጅልን ያውቀዋል፤ እናንተም ራሳችሁን እወቁ» እያለ ነበር ፕሮግራሙን የሚከፍተው።

ወንፊት ወደ ወርክሾፑ ገባች። መጋዞቹ በየቁመታቸው ተሰልፈዋል። የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ተስሏል፤ መሣሪያውም በቅርጹ ልክ ተሰቅሏል። ሟቹ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ጣውላ ተከምሮበት ተዘርግቷል። ከበላዩ የነበረውን መደርደሪያ ግድግዳው ላይ ካለው ወፍራም ጣውላ ጋር ይዘውት የነበሩት ሁለት የብረት ክንዶች መሬት ወድቀዋል።

ተንበረከከች። የቀኙን ክንድ ብሎኖች አነሳች፤ ጥርሳቸው ውስጥ የተቀደደ እንጨት ተሰክቷል። ከክብደቱ የተነሣ ተነቅለው መውጣታቸው ነው። የግራው ብሎኖች ግን ጥርሳቸው ንጹሕ ነው፤ ጭንቅላታቸው ደግሞ አይጥ እንደበላው አይብ ተፋፍቋል። በአንደኛው ጭንቅላት መስቀለኛ ውስጥ ቢጫ የላስቲክ ብጣሽ ተወትፏል።

«ሃምሳ አለቃ፣ መደርደሪያ ሲወድቅ ብሎኑን ራሱ ይፈታል?»

«አይፈታም።»

«ተመስገን፤ ይህንንስ ታውቃለህ።»

ከዚያ ወለሉን አየች። በወርክሾፑ ያለው ጣውላ ሁሉ ቀይ ነው፤ ጥግ የተጠረገው ሰጋቱራም ቀይ። በሟቹ እጅጌ ላይና ከጠረጴዛው ሥር የተበተነው ግን እንደ ዱቄት ነጭ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቀረው መጋዝም በጥርሶቹ መሐል ነጭ ዱቄት ይዟል። ነጭ እንጨት ግን በክፍሉ ውስጥ አንድም የለም። ብዙ ከፈለገች በኋላ ከጠረጴዛው እግር ጀርባ የጣት ቁመት የምታህል ድቡልቡል የነጭ እንጨት ቁራጭ አገኘች። አንዱ ጫፏ በመጋዝ ተቆርጧል፤ ገላዋ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው።

በመጨረሻ ከግድግዳው የእንጨት መዶሻውን አወረደች። እጀታው በላብ ጠቁሯል፤ ዕድሜው ሃያ ዓመት ይሆናል። አንዱ ፊቱ ግን ትናንት የተሠራ ይመስል ነጥቷል። አሸተተችውና በከረጢት ከተተችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጎረቤቲቱን ልብስ ሰፊ ነው። ወሬ ይዛ ስትጠብቅ የዋለች ሴት ናት።

«ነፍሱን ይማረው፤ እሱ ግን ጆሮዬን አልማረኝም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔን ‹ጨርቅ ቀዳጅ› ነበር የሚለኝ።»

«ዛሬ ምን ሰማሽ?»

«ስምንት ሰዓት አካባቢ መጋዝ ሰማሁ። እሱ ሲቆርጥ ድመት የሚያሻሽ ነው የሚመስለው፤ የዛሬው ግን የሥጋ ቤት ነበር፤ እልህ ያለበት። ከዚያ ጸጥ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው ያ ሁሉ ጣውላ የተናደው።»

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጸጥ?»

«የሆነ ነገር ሲፋቅ ሰምቻለሁ። አይጥ ትሁን ሰው እንጃ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም በሙያው አናጺ ነው። እጆቹ እንደ ግንድ ልጣጭ ሻክረዋል። እኩለ ቀን ላይ ከወንድሙ ጋር መጨቃጨቁን አልደበቀም።

«ምስማር እንጨት እንዳይሰነጥቅ ጫፉን በመዶሻ አደንዘው፤ ብሎን ከማስገባትህ በፊት ሳሙና ቀባው። ይህን ማን አስተማረው? አባታችን ለኔ ነገረኝ፣ እኔ ለሱ ነገርኩት፣ እሱ ለአገር ነገረ። በሬዲዮ ግን እኔን ‹አንዳንድ አናጺ ነን ባዮች› ይለኛል።»

«ብሎን ጭንቅላቱ ቢበላብህ እንዴት ትፈታዋለህ?»

አናጺው እንደተሰደበ ሰው አያት። «እኔ ብሎን አልበላም፣ እመቤቴ። ልኩን ካቻቪቴ ነው የምይዘው። የሌላ ሰው ጥፋት ከሆነ ደግሞ በብረት መጋዝ አዲስ መስመር አወጣለታለሁ።»

«በላስቲክስ?»

«እሱ የሬዲዮ አናጺ ዘዴ ነው» አለና ከንፈሩን ገፋ። «ባለፈው ወር ሲያወራው ሰምቻለሁ። ላስቲኩን ጭንቅላቱ ላይ አድርጋችሁ፣ ካቻቪቴውን ተጭናችሁ አዙሩ እያለ። ይሠራል፤ የኛ ሰው ግን አይጠቀምበትም።»

ሬሳውን ያገኘችው የሟቹ ሚስት ናት። ስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ልጃቸው ሐኪም ተኚ ስላላት፣ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት በልጅቷ ቤት አብራት ነበረች፤ ሁለት ጠያቂ ጎረቤቶችም አይተዋታል። እንባ አልነበራትም።

«እትዬ፣ ይህን እንጨት ያውቁታል?» አለቻት ወንፊት ቁራጯን እያሳየች።

«እኔ ወርክሾፕ አልገባም። ሠላሳ አራት ዓመት፣ ‹አቧራ ታስነሻለሽ› ተብዬ።»

የመጨረሻው አማቹ ነው፤ የልጅቱ ባል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው። ሟቹ «ወረቀት» እያለ ነበር የሚጠራው።

«እኔ ከሥዕል መስቀያ የተረፈ ሙያ የለኝም» አለ። «እሱንም ጋሼ ጠማማ ነው ብለው አወረዱት። ብሎን በየት በኩል እንደሚዞር እንኳ አላውቅም።»

«የአማትህን ፕሮግራም ትሰማለህ?»

«አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ቤት የምሰማው ስድብ ይበቃኛል። ዛሬም እትዬ ደውለው ሲጠሩኝ ነው የመጣሁት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

ወንፊት እጆቹን አየች።

ብዙም ሳትቆይ አራቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል። ሃምሳ አለቃው በሩን ይዞ ቆመ።

«መጀመሪያ ይህችን ቁራጭ ሁላችሁም ያዙልኝ» አለች። «ዝም ብላችሁ ያዙና አቀብሉ።»

ልብስ ሰፊዋ ጨመቅ አድርጋ አቀበለች። ሚስቲቱ በሁለት ጣቷ ያዘቻት። አናጺው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ ማለቷን ለካ። አማቹ ግን በመዳፉ ተቀብሎ የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ሸፈነው፤ ቁስል እንደሚሸፍን ሰው። ወንፊት ቁራጯን ከእጁ ወሰደችበት።

«ሃምሳ አለቃው አደጋ ነው አለኝ። ገዳዩም ሊለን የፈለገው ይህንኑ ነው። ግን ሥራው ጥድፊያ ነበር፤ ጥድፊያም አፍ አለው። የቀኙ ብሎኖች እንጨት ቀደው ወጥተዋል፤ የግራዎቹ በእጅ ተፈትተዋል። የግራው ክንድ ሲለቅ ክብደቱ ሁሉ ቀኙ ላይ ሄደና ገነጠለው። ሰው ጣውላ ሊናድበት ሲል ሥሩ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ሟቹ መደርደሪያው ሲወድቅ ቀድሞ መሬት ነበር።»

«በምን?» አለ አናጺው።

«በዚያ መዶሻ። ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል፤ ልብስ ሰፊዋ አይጥ ያለችው እሱን ነው። አሁን ስሙኝ። ሙያ የሌለው ሰው ደም ያየበትን መዶሻ ያጥባል። ይህ ግን እንጨት ውሃ ሲጠጣ ደሙን ይዞ እንደሚቀር ያውቃል፤ ስለዚህ ፋቀው፣ ያውም የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ። ልብስ ሰፊዋ ከተጠርጣሪዎቹ ወጣች።»

«እኔስ ከመቼ ጀምሮ ገብቼ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ላስቲክ የሚያገላብጥ እጅ ስላለሽ። የአንቺ ላስቲክ ግን በክር የተሸመነ ነው፤ ይህኛው ወረቀት የሚታሰርበት ነው።» ወደ አናጺው ዞረች። «አንተ ደግሞ ወንድምህን ለመጥላት በቂ ምክንያት አለህ። ግን ብሎን አትበላም። ገዳዩ ልኩ ያልሆነ ካቻቪቴ አነሣ፤ ብሎኑን አበላሸ፤ ከዚያ የሬዲዮውን ዘዴ አስታወሰ። ከማያውቅ ይሻላል፣ ከሚያውቅ ያንሳል። ይህ ምን ይባላል? ተማሪ ይባላል። ሚስቱ ልጇ ዘንድ ነበረች። የቀረ ተማሪ ማን ነው?»

ሁሉም አማቹን ለማየት ጊዜ ፈጀባቸው፤ አንድም ቀን ልብ ብለው አይተውት አያውቁምና።

«እሱ?» አለ አናጺው እየሳቀ። «ይህ እንኳን ሊገድል—»

«አየህ? ይህ ንቀታችሁ ነው ጥሩ መደበቂያ የሆነው። ጣቶቹን ተመልከት፤ ጫፋቸው በብርጭቆ ወረቀት አልቋል። ጥፍሩ ሥር የደረቀ ኮላ አለ። ፕሮግራሙን አንድም ቀን ያልሰማ ሰው ይህን ከመዝገብ ቤት አገኘው? ይህች ቁራጭ የተቆረጠችበት ዕቃም እዚህ የለም። ሃምሳ አለቃ፣ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ አስከፍተው።»

«አያስፈልግም» አለ አማቹ። ድምፁ ከዚያ ቀን በፊት እንደሱ ጠንክሮ አያውቅም። «አለ። መጣል አልቻልኩም።»

ሃምሳ አለቃው በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ለሦስት የተቆረጠ የሕፃን አልጋ ነበር።

«ሁለት ዓመት በየሳምንቱ ሰማኋቸው። መሥሪያ ቤት ጓዳ ውስጥ እየተደበቅኩ ተማርኩ። ለልጄ ሠራሁ። ዛሬ እትዬ እንደማይኖሩ አውቄ አመጣሁላቸው። ‹ወረቀት እንጨት ነካ› ብለው ሳቁ። ማስመሪያ አውጥተው ለኩ። ‹ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት። የልጄ ልጅ በዚህ አይተኛም፤ ውሻም አይተኛበትም› አሉና መጋዝ አነሡ። ቆሜ አየሁ። ሲጨርሱ ‹ሂድ፣ ዶሴህን እሰር› አሉኝ። ከዚያ በኋላ መዶሻው እጄ ላይ ነበር።»

አናጺው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብሎ ያልተቆረጠውን ማዕዘን ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው። ጥፍሩን በመጋጠሚያው ላይ ሳበ፤ አልገባም። እንደገና ሳበ።

«ሁለት ሚሊሜትር የለም» አለ ቀስ ብሎ። «ግማሽም የለም። ወንድሜ ዋሽቶሃል።»

አማቹ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

ሚስቲቱ እስካሁን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም ነበር። አሁን ተራመደችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እኔ ሠላሳ አራት ዓመት የቻልኩትን ምላስ፣ አንተ አንድ ከሰዓት መቻል አቃተህ?» አለችው። «ሰው መሰልኸኝ። ልጄን ሰጠሁህ።»

«እትዬ—»

«እትዬ አትበለኝ።»

ሃምሳ አለቃው ይዞት ወጣ። ወንፊት ለወትሮው እንዲህ ባለ ሰዓት የምትጥላት አንዲት ሹል ቃል አትጠፋትም ነበር፤ ዛሬ ማስታወሻዋን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሚስቲቱ ቀረበች።

«ልጅቱ ሰምታለች?»

«ምንም አልሰማችም። እዚያ ተኝታ እየጠበቀችኝ ነው» አለች ሚስቲቱ። ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች። «አንቺ ሁሉን ታውቂያለሽ፤ እስቲ ንገሪኝ። አባትሽ ሞተ የሚለውን ላስቀድም፣ ወይስ ባልሽ ገደለው የሚለውን?»

ወንፊት ከበሩ ዘወር ብላ መንገድ ለቀቀችላት።

«ነይ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ ክንዷን እየያዘች። «መንገድ ላይ እናስብበታለን።»