ዋሂል ሙዝ ካለ

ዐብዲወሊ በአንድ እጁ ፖስተር፣ በሌላው የማጣበቂያ ቆርቆሮ ይዞ ከናስቲሆ ሱቅ በር ላይ ሲደርስ ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ነበር የቀረው። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ስህተት መሥራት አልነበረበትም። ስድስት ሰዓት ላይ የከፊራ ሱቆች በራቸውን ይጥላሉ፣ ሰው ከፀሐይ ይሸሻል፣ ከተማዋም እስከ አስር ሰዓት ለማንም አትነሳም።

«ተዘግቷል» አለች ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ፣ ቀና ሳትል።

«ልገዛ አይደለም። ይቺን ልለጥፍ ነው።»

«ታዲያ ባሰ።»

ቢሆንም እጇን ዘረጋችና ፖስተሩን ተቀብላ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። አንዲት ሕፃን ልጅ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ታለቅሳለች። ከሥሯ በትልቁ «ሹሩቅ ሳሙና ሲገዙ የዋሂልን ልጆች ውሃ ያጠጣሉ» ይላል። ዋሂል ከድሬዳዋ ወጣ ያለ፣ ውሃ የሚያጥረው ገጠር ነው። ዐብዲወሊ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለው የሹሩቅ ሳሙና ፋብሪካ የሽያጭና ማስታወቂያ ሠራተኛ ከሆነ ገና ሰባት ወሩ ነው። ይህ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው ነበር።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለች ናስቲሆ።

«የዋሂል ልጅ ናት።»

«የማን ልጅ? ስሟስ?»

አያውቅም። ፎቶውን የላከላቸው አዲስ አበባ ያለ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ነው።

«እሺ፣ ከኋላዋ ያለው ምንድን ነው?»

ዐብዲወሊ ጎንበስ ብሎ አየ። ፖስተሩን ሁለት ወር ሙሉ ይዞ ሲዞር ከልጅቷ ኋላ ያለውን ነገር አንድም ቀን አላየውም ነበር።

«ሙዝ… ይመስለኛል።»

«ዋሂል ሙዝ ካለ ውሃ ምን ጎደለው፣ ወላል?»

ወንድሜ እያለች ነው የምታላግጥበት። ዐብዲወሊ ሌላ ሻጭ የማያደርገውን አደረገ፤ «ልክ ነሽ» አለ።

ናስቲሆ ክርክር ነበር የጠበቀችው። አሁን ገና ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቿ ሊስቁ ዳር ደርሰው የቆሙ ዓይነት ነበሩ።

«እናቴ ዋሂል ነው የተወለደችው። ታናሽ እህቷ፣ ሀበርየር የምላት አክስቴ ደሄቦ፣ ዛሬም እዚያ ናት። ስማ፣ እዚህ ሰፈር ሰደቃ የሚሰጥ ሰው የተቀባዩን ፊት ግድግዳ ላይ አይለጥፍም። ይህን ያየ ሰው ሳሙና አይገዛም፤ ፊቱን ያዞራል።»

ዩኒቨርሲቲ እያለ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ «ደንበኛ ከኩባንያ ጋር በጎ ሥራ የሚሠራው ሲያምን ነው» ብሎ ጽፎ ኤ አግኝቶበታል። እምነቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም መምህር አልጠየቀውም ነበር።

«የአክስትሽን ስልክ ትሰጪኛለሽ?» አላት።

«ምን ልትላት?»

«ምን እንደጎደላቸው ልጠይቃት።»

ናስቲሆ ትንሽ አሰበችና ቁጥሩን በፖስተሩ ጥግ ላይ፣ ልክ ሙዙ ላይ፣ ጻፈችለት።

*

ደሄቦ የምትኖርበት መንደር ከዋሂል ትንሽ ወጣ ይላል። ሴትዮዋ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፏ የማያርፍ ነበረች። እሁድ ጠዋት ዐብዲወሊን ከባጃጁ ሳይወርድ ጀምራ አዋከበችው፤ ግማሹን በሶማሊኛ፣ ግማሹን በአማርኛ።

«ወረያ! አንተም ጉድጓድ ልትቆፍር ነው የመጣኸው?»

«ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ይኼ ደግሞ አዲስ ነው።»

ይዛው ወደ ሸለቆው ወረደች። ጉድጓዱ አለ፣ ፓምፑም ይሠራል። ነገር ግን ያለው ታች ነው፤ ቤቶቹና ትምህርት ቤቱ ላይ ናቸው። ሴቶቹ በቀን ሦስቴ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ልጃገረዶቹ እናቶቻቸውን ሲያግዙ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣቸዋል።

«ስድስት መቶ ሜትር ቱቦና አንድ ቦኖ ነው የሚያስፈልገን» አለች ደሄቦ። «የመጣ ሁሉ ግን ሌላ ጉድጓድ ልቆፍርላችሁ ይላል። ቱቦ ፎቶ ላይ አያምርም መሰለኝ።»

ዐብዲወሊ ማስታወሻውን አውጥቶ ይቺኑ ቃል በቃል ጻፋት።

ሰኞ ዕለት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ፋርሂያ ፊት ቆመ። ፋርሂያ ብልህና ቸኩላ የምትናገር ሴት ናት።

«የሳሙና ማስታወቂያ፣ ያለ ፎቶ?»

«ያለ ፎቶ። በየሱቁ አንድ ትልቅ፣ አፈ ሰፊ ብልቃጥ እናስቀምጥ። ሰው መጠቅለያውን እዚያ ይጨምራል፤ አርባ መጠቅለያ አንድ ሜትር ቱቦ ይሆናል። ሐሙስ ሐሙስ ደሄቦ ቱቦው የት እንደደረሰ በድምፅ ትልካለች፤ ባለሱቆቹ ለደንበኛ ያሰሙታል።»

«የእኛ ስምስ የት ይገባል?»

«ሳሙናው ላይ አለ።»

ፋርሂያ ሳቀች። «ትምህርት ቤት እስኪከፈት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ውሃው ያኔ ካልደረሰ ግን ሰው ፊት ውሸታሞች የምንሆነው እኛ ነን።»

*

የመጀመሪያው ሐሙስ ናስቲሆ ሱቅ ውስጥ አራት ሰው ነበር። በሦስተኛው ሐሙስ በሩ ላይ መቆሚያ ጠፋ። ብልቃጡ በሠላሳ ሱቅ ቢኖርም ሰው የሚመጣው ወደዚህ ነው፤ ምክንያቱም ተናጋሪዋ የናስቲሆ አክስት ናት፣ ናስቲሆ ደግሞ በሚዛን እንኳ ሰው አታታልልም።

«አሰላሙ አለይኩም የድሬ ሰዎች!» ይላል የደሄቦ ድምፅ ከስልኩ። «ቱቦው የዐብዱላሂ ፍየሎች በረት ጋ ደርሷል። ዐብዱላሂ ግን በበረቴ አያልፍም ብሎ ተቀምጧል። ፍየሎቹ ይደነግጣሉ አለ። ቱቦ አይተው!»

«ይኼ ዐብዱላሂ!» ትላለች ጎረቤቷ ኒምኮ፣ ሰውየውን አይታው ሳታውቅ። «ናስቲሆ፣ ሦስት ሳሙና ስጪኝ። ዞሮም ቢሆን ይለፍ፤ ትርፉን ሜትር እኔ እችላለሁ!»

ዐብዲወሊ መጠቅለያዎቹን ሊሰበስብ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። መጀመሪያ ቆጥሮ ይሄድ ነበር። ቀጥሎ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በወረቀት ጠቅልሎ ማምጣት ጀመረ። ከዚያ ቆጠራው ያለ ምክንያት ረዘመ።

«ይኼን እኮ ሁለቴ ቆጠርከው» አለችው ናስቲሆ አንድ ቀን።

«እንዳልሳሳት ነው።»

«ስንት ሆነ?»

ሲያያት ስለነበር ቁጥሩ ጠፋበት። ሁለቱም አቀርቅረው አብረው እንደ አዲስ መቁጠር ጀመሩ። ያ ቆጠራ ከሙሸበኩ ይጣፍጥ ነበር።

ያን ቀን ብልቃጡን ሞልታ፣ በሁለት እጇ አቅፋ ስትስቅ ፎቶ ሊያነሳት ስልኩን አወጣ።

«ለማን ነው?» አለች።

«ለእኔ ብቻ።»

እሺ አለች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፋርሂያ ሪፖርት ጠየቀችው። ዐብዲወሊ የብልቃጡን ፎቶ መላክ ነበረበት። የእሷን ፊት ቆርጦ ማውጣት ይችል ነበር፤ ጣቱም ሞክሮ ነበር። ግን ያለ እሷ ሳቅ ፎቶው ምንም አልመስልህ አለው። ትንሽም ሊያሳይ፣ ሊኮራ ፈለገ። ሪፖርቱን የሚያየው አንድ ሰው ነው ብሎ እንዳለ ላከው።

በሳምንቱ ከዚራ፣ ሳቢያንና አሸዋ ሰፈሮች ላይ ሦስት ትልልቅ ፖስተሮች ተሰቀሉ። ናስቲሆ ብልቃጡን አቅፋ ትስቃለች። ከሥሯ «ናስቲሆ ለዋሂል ሰጥታለች። እርስዎስ?» ይላል።

*

ሱቁ ሲደርስ ብልቃጡ ባንኮኒው ላይ የለም። እናቷ ከውስጥ ሰላምታውን እንኳ አልመለሱለትም።

«ናስቲሆ፣ እኔ…»

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለችው።

ዓይኑን ባንኮኒው ላይ ወደ ቀረው ባዶ ቦታ አወረደ።

«ለእኔ ብቻ ነው አልከኝ። ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቃለህ? ለካስ ለስሟ ነበር፣ ለካስ ተከፍሏት ነበር እያለ ነው። እናቴ ገበያ መውጣት አፍራለች። መጠቅለያ የሚያመጣም የለም።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ያ ነው የባሰው። «ያችን የምታለቅሰውን ልጅ አደረግከኝ። እኔ ስቄ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።»

ሃምሳ ሜትር ቱቦ ቀርቶ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ደግሞ አስራ ሁለት ቀን። ዐብዲወሊ ግን ከሱቁ ሲወጣ ያሰበው ስለ ሜትሩ አልነበረም።

ፋርሂያ ቢሮ ገብቶ ሳይቀመጥ ተናገረ። «ሰው የሚገዛው ሳሙናችንን አምኖ አይደለም። ናስቲሆ አትዋሽም ብሎ ነው። እኛ አሁን የዋሸች አስመሰልናት። ፎቶውን ሳልጠይቃት የላክሁት እኔ ነኝ።»

ፋርሂያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዲታተም ያዘዝኩት ደግሞ እኔ። ደስ ብሎኝ ቸኮልኩ፤ መጠየቅ ነበረብኝ።» ከወንበሯ ተነሳችና፣ «አውርዳቸው። ይቅርታም እንጠይቃለን» አለች።

«በፖስተር?»

«በእግሬ» አለች ፋርሂያ። በማግስቱ ብቻዋን ሄዳ ከናስቲሆ እናት ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጠች።

ዐብዲወሊ ግን እስከ ማግስቱ አልጠበቀም። መሰላል ተከራይቶ ወጣ። ሦስተኛው ፖስተር ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ስድስት ሰዓት ሆኖበት ነበር። ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡት ተዝናኑበት።

«አቦ፣ ፀሐይ አይሞቅህም እንዴ?»

«ተወው፣ የራሱን ዕቃ ነው የሚያወርደው። ሚስትህ ናት እንዴ፣ ወረያ?»

«ኢንሻአላህ!» አለ ዐብዲወሊ፣ ሚስማር እየነቀለ፣ ሳያስብ።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ከጥላው ሥር ዘንቢሏን ይዛ የተቀመጠችውን ኒምኮንም ያየው ያኔ ነው። ኒምኮ ዘንቢሏን አንስታ፣ በዕድሜዋ በማይጠበቅ ፍጥነት ወደ ከፊራ አቅጣጫ ተጓዘች።

አስር ሰዓት ላይ ሱቁ ሲከፈት ሦስቱን ጥቅል ተሸክሞ ደረሰ። ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም የሆነ ነገር የሚያውቅ ይመስላል። ናስቲሆ ፊቷ ቀልቷል፤ የተናደደች ናት እንዳይል ሌላም ነገር አለበት።

«ናስቲሆ ፎቶዋን ለማንም አልሰጠችም» አለ ዐብዲወሊ ለተሰበሰቡት። «ሳልጠይቃት የላክሁት እኔ ነኝ። ምንም አልተከፈላትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጮክ በል፣ ውጭ ያሉት አልሰሙም!» አለች ኒምኮ።

ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመና እንደገና ተናገረ። መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት «ሰማን፣ ልጄ፣ ይበቃል» እስክትለው ድረስ።

ተመልሶ ሲገባ ናስቲሆ አንዱን ፖስተር ገልብጣ ጀርባውን እያየች ነበር።

«ነጭ ነው» አለች። «መጠቅለያ ወረቀት አልቆብኝ ነበር።» ከጥጉ ቀደደችና የኒምኮን ሚጥሚጣ ጠቀለለችበት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ብልቃጡን ከባንኮኒው ሥር አወጣችና ቦታው ላይ መለሰችው።

«ብልቃጡ ለዋሂል ነው» አለችው ቀስ ብላ። «ለአንተ እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም።»

ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከእሱ ላይ ቶሎ አላነሳችም።

*

የመጨረሻው ሐሙስ ትምህርት ቤት ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ናስቲሆ ስልኩን ብልቃጡ ላይ አስደግፋ ድምፁን ከፈተች። ደሄቦ አልተናገረችም። የሆነ ሹክሹክታ፣ የብረት መንኳኳት፣ ቀጥሎ አንድ ረጅም ማስነጠስ የመሰለ ድምፅ፣ ከዚያ ውሃ። ባዶ ባልዲ ውስጥ የሚወርድ ውሃ። ከኋላው የልጆች ጩኸት።

ኒምኮ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ሰማችሁ?» አለች ደሄቦ በመጨረሻ። «ዐብዱላሂ ራሱ ነው መጀመሪያ የቀዳው፤ ለፍየሎቹ። አሁን ናስቲሆ፣ አንቺ ስሚኝ። ያ ሜትር የሚለካው ልጅ መሰላል ላይ ሆኖ ኢንሻአላህ ብሏል አሉ። ኒምኮ ደውላ ነግራኛለች። ብሎ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ! ከኢንሻአላህ በኋላ ዝም ብሎ መጠቅለያ መቁጠር ምን የሚሉት ነው?»

ናስቲሆ ስልኩን አፈፍ ስታደርገው ዘግይታ ነበር። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሁለት ሳሙና ስጪኝ ይላል፣ ሌላዋ እልል ትላለች።

ሰዉ እየሳቀ ከወጣ በኋላ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ሰማህ?» አለችው፣ ባንኮኒውን እየወለወለች።

«ሰማሁ።»

«ስለ ውሃው ነው የምልህ።»

«ስለ ውሃውም ሰማሁ።»

ጨርቁ ቆመ። «ስድስት ሰዓት ሆኗል» አለች። «ልዘጋ ነው።»

«ልሂድ?»

«አይ። በሩን ያዝልኝ፤ ይከብደኛል።»

በሩ ከብዷት አያውቅም። አብረው ጎተቱት።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ የፋርሂያም ባል አብሯቸው ነበር። ኒካው ከታሰረ በኋላ ሙሽሮቹ ደሄቦን ሊጠይቁ መንደሯ ሄዱ። ቦኖው ላይ የማንም ስም አልተጻፈም። አንድ ሳሙና ብቻ በመረብ ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ ልጆች እጃቸውን ይታጠቡበታል።

ናስቲሆ ዐብዲወሊ ፊቱን ሲታጠብ አንድ ፎቶ አነሳችና ላከችለት። ፊቱ ረጥቦ ይስቃል። ከኋላው፣ የቦኖው ትራፊ ውሃ በሚፈስበት፣ ደሄቦ የተከለቻት ትንሽ ችግኝ ሁለት ሰፋፊ ቅጠል አውጥታለች። ሙዝ ናት።

ከፎቶው ሥር «ይህ ሰውዬ የማን ነው?» ብላ ጽፋለች።

ፊቱን ሳያደርቅ መለሰላት። «የናስቲሆ።»