የሰብለወርቅ ኮምፒውተር አሟሟት

ሟቹ ሳሎኑ ጥግ፣ ምንጣፉ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። መልኩ ጥቁር፣ አድራሻው ቤድፎርድ፣ ቴክሳስ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። «ኮምፒውተር ሬሳ አይባልም» የሚል አንባቢ ካለ ሰብለወርቅን ይጠይቃት፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ሰብለወርቅ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መካከል ፊት ቆማ የምትዘምር ነበረች። ነበረች ማለቴ፣ አምና እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ካስወጣች በኋላ ድምጿ ሻክሮ ስለ ቀረ ነው። ከሕክምናው በፊት የቀዳቻቸው መዝሙሮች የሚገኙት እዚህ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ነገ ዛሬ ስትል ቅጂ ሳታስቀርላቸው ቀርታለች። ሸምሱ የሚባል መንገደኛ ደግሞ ነገ ከዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ይበርራል፤ መዝሙሮቹን ሲዲዋን ለሚሠራው አቀናባሪ ሊያደርስላት ቃል ገብቷል። ሳጥኑ ካልተነሣ የሚላክ ነገር የለም፣ ድጋሚ የሚቀዳ ድምፅም የለም።

ለዚህ ነው ወይዘሮ አባይነሽ የተጠራችው። አባይነሽ የአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ባልደረባ ናት። ያላመነችውን ማሽንም ሆነ ያላመነችውን ሰው አትለቅም። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቀች።

«ማን ነካው?»

«ማንም» አለች ሰብለወርቅ በሻከረ ድምፅ። «ሐሙስ ማታ ጸሎት ስለነበረን ራሴ አጠፋሁት። ትናንት ጠዋት ስጫነው ጭጭ አለ።»

«ጸሎቱ ላይ እነማን ነበሩ?»

«ባለቤቴ ክፍሉ፣ እህቱ አገሬ፣ አብራኝ የምትዘምረው ማራኪ። ሌላ ሰው አልመጣም።»

«ሦስቱንም ጥሪልኝ። ደሙ የውሻ ደም ሆኖ አይቀርም።»

መጀመሪያ የቀረበው ክፍሉ ነው። ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ ገና ዩኒፎርሙን አላወለቀም።

«መሞቱን ስትሰማ ምን አልክ?»

«እውነቱን ልንገርዎ እትዬ? ደስ አለኝ። ማለቴ... ከሺፍት ስገባ ሁሌ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ነው የማገኛት። ዮኒ የሚባል ኪቦርድ የሚመታላት ልጅ አለ። የሱ ኪቦርድ ከሷ ድምፅ ጋር ሲገባ ሰውነቴ ይነድዳል። ይሙት ብያለሁ፤ አልገደልኩም።»

«አታፍርም በዚህ ዕድሜህ?»

«ሚስቴ ናት፣ በሌላ በማን ልቅና?»

አባይነሽ ሣቋን ዋጥ አድርጋ አገሬን ጠራች። አገሬ ዲቪ ሎተሪ ደርሷት ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ፊቷን ቋጥራ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ለምን እገድለዋለሁ? ባሕር ዳር ያለውን እጮኛዬን የማየው በሱ ነው። ሰብልዬ የድሮ መዝሙሮቿን ስታዳምጥ ግን አታስነካኝም፤ ያናድደኛል፣ አልዋሽም።»

«ትናንት ጠዋት የት ነበርሽ?»

«አጠገቧ። ደጋግማ ተጫነችው፤ መብራቱም አልበራ፣ ድምፅም የለው። ከዛ አለቀሰች።»

«ምን ሸተተሽ?»

«የምን ሽታ?» አለች አገሬ ግራ ገብቷት።

ማራኪ የምትኖረው እዚያው ግቢ፣ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ነው። ሰብለወርቅ ስታለቅስ ቀድማ የደረሰችላት እሷ ናት። አሁን መዘምራኑን የምትመራውም እሷ ናት።

«እትዬ፣ ባይደክሙ ጥሩ ነው» አለች በኀዘኔታ። «ትናንት ስገባ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍኖት፣ ራሴን አመመኝ። ሶ፣ ውስጡ ያለውም አብሮ ነድዷል። አገር ቤት በአጎቴ ኢንተርኔት ቤት ስሠራ አይቻለሁ። ከአሜሪካ የተላከለትን ኮምፒውተር ገና ሲሰካው ቧ! ብሎ ጤሰ።»

«የሰብለወርቅ ሲዲ ቢወጣ ደስ ይልሽ ነበር?»

«እንዴ፣ በጣም እንጂ! መቼም ሰው ማወዳደር ይወዳል... ግን ክብሩ ለጌታ ነው።»

አባይነሽ የሳጥኑን ክዳን ከፈተች፤ አፍንጫዋን አስገብታ አሸተተች፤ በባትሪ ጥግ ጥጉን አየች። ጀርባውን አዙራም ገመዱ ከሚሰካበት ጎን ያለች ጥፍር የምታህል ቀይ ነገር ላይ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ጀርባው ላይ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ነው» ብላ ጀመረች። «አንዲት ቦታ ብቻ ተነካክታለች፤ ይቺ ቀይ ማብሪያ። ወደ አንድ ጎን ሲገፏት የአሜሪካን መብራት፣ ወደ ሌላው ሲገፏት የኢትዮጵያን ትቀበላለች። አሁን ያለችው በኢትዮጵያው ነው። ጥልቅ ብላ ስለተቀመጠች በድንገት የሚነካት የለም፤ ሹል ነገር ይዞ መጎንበስ ይጠይቃል።»

«እኔ አላደረግኩም!» አለች አገሬ። «አዲስ የመጣሁ ስለሆነ በኔ ልታሳብቡ ነው?»

«ቆይ ልጄ። ያ ሰው ለምን አዛወራት? ሊያቃጥለው ነው። አገር ቤት በዚች ማብሪያ ስንት ኮምፒውተር ነድዷል፤ የአሜሪካው ላይ እንዳለች ይሰኩታል፣ የዚያ መብራት ኃይለኛ ስለሆነ ቧ! የእኛ ሰው ከዚያ የተማረው ‹ማብሪያዋ ከተሳሳተች ይቃጠላል› የሚለውን ነው። እዚህ ግን ግድግዳው የሚሰጠው ግማሹን ነው። በኢትዮጵያው ካደረጓት ኮምፒውተሩ እጥፍ ምግብ ይጠብቃል፣ ግማሽ ይደርሰዋል፣ አቅም አጥቶ ይተኛል። አይነድም፣ አይጤስም። ውስጡን አሸትቻለሁ፤ አቧራ አቧራ ነው የሚለው።»

አባይነሽ ባትሪዋን አጠፋች።

«አገሬ አጠገቡ ቆማ ምንም አልሸተታትም። ክፍሉም ሞተ እንጂ ነደደ አላለኝም። እሳት በሌለበት ቤት እሳት የሸተታት አንዲት ሴት ብቻ ናት። ያሸተተው አፍንጫዋ አይደለም፤ ልቧ ነው ሲጠብቀው ያደረው።»

ሁሉም ወደ ማራኪ ዞሩ።

አባይነሽ በእስክሪብቶ ጫፍ ማብሪያዋን መለሰች፤ ሰካችና ተጫነችው። ሳጥኑ እያጉረመረመ ተነሣ። ስክሪኑ ሲበራ ሰብለወርቅ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ የመዝሙሮቹ ማኅደር እንዳለ ነበር።

«ድምፅሽ ሲጠፋ አልቅሼልሻለሁ» አለች ማራኪ መሬት መሬት እያየች። «ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ግን ዓመት ሙሉ ዘምሬ በወረድኩ ቁጥር ሰዉ የሚለኝ ‹ሰብለወርቅ ብትሆን ኖሮ› ነው። ዝም ብለሽ እንኳ በለጥሽኝ። ሲዲው ከወጣ ደግሞ እኔን ማን ይሰማኛል?»

«ውጪ ከቤቴ!» ክፍሉ ብድግ አለ።

«ተዋት፣ ክፍሉ» አለች ሰብለወርቅ። እንባዋን ጠርጋ ማራኪን ትክ ብላ አየቻት። «እኔም እቀናብሻለሁ። እሑድ እሑድ ከፍ ያለውን ዜማ ስታወጪው፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ጥርሴን ነክሼ ነው የምሰማሽ። ቤት ገብቼ የማለቅስበት ቀን አለ። ግን ማይክሽን አጥፍቼብሽ አላውቅም።»

ማራኪ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች።

«የት ነው? ነይ ተቀመጪ። እኔ ስሰማሽ ከርሜያለሁ፤ ዛሬ አንቺ ትሰሚኛለሽ።»

ማራኪ ተመልሳ ተቀመጠች። የመጀመሪያው መዝሙር ሲነሣ ጆሮዋን ልትይዝ እጇን አነሣች፤ ከዚያ ቀስ ብላ መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።