የፈተና ቀሚስ

«እማ፣ እጅሽን አንሺው።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት እንጂ እጇን አላነሳችም። በቀኟ የደንበኛ ሱሪ እያስተካከለች ነበር፤ ግራ እጇ ግን የጋለው ካውያ ላይ ተደግፎ ቀርቷል። ልጇ ቀጭኔ ዘላ ክንዷን ሳበችው። የሁለት ጣቶቿ ቆዳ ተልጧል።

«ኧረ ምንም አላለኝም» አለች እናቷ ጣቶቿን እያገላበጠች። ወዲያው ምን እንደተናገረች ገባትና እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

ቀጭኔ የሚሏት ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ረጅሟ ስለሆነች ነው። ስሙ ከትምህርት ቤት ተከትሏት ቤት ገባ፤ አሁን እናቷም በሌላ አትጠራትም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁለቱ የሚኖሩት ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ካንሰር ከተገኘባት ወዲህ የታዘዙላት መድኃኒቶች አንድ በአንድ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ሆስፒታሉ ገና እየተሞከረ ባለ መድኃኒት ጥናት ውስጥ አስገባት። ይህ መድኃኒት ፋርማሲ ተገብቶ የሚገዛ አይደለም። ሀብታምም ቢሆን አያገኘውም፤ የሚሰጠው በጥናቱ ውስጥ ላሉት ብቻ ነው። እናቷ ከጀመረችው በኋላ ዕጢው እየቀነሰ፣ ፊቷ እየተመለሰ መጣ። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ማንጎራጎር ጀመረች። ቀጭኔ እንዴት ደስ እንዳላት አትጠይቁ።

ከዚያ ጣቶቿ መደንዘዝ ጀመሩ።

ጥናቱን የምትከታተለው ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት፣ በየቀጠሮው የማትተዋት ነገር አለቻት። በሽተኛዋ የለበሰችውን ልብስ ፈትታ መልሳ እንድትቆልፍ ትነግራትና ጣቶቿን ታያለች። ትንንሽ ቁልፎች ካስቸገሯት መድኃኒቱ ነርቯን ነክቷል ማለት ነው። ቀጥሎ አስታማሚዋን ለብቻዋ ኮሪደር ላይ ታወጣትና «ቤት ውስጥስ እንዴት ናት?» ብላ ትጠይቃታለች።

አብራቸው ተራ ትጠብቅ የነበረች አንዲት ሹራብ የምትሠራ ሴትዮ እውነቱን ተናገረች። ወለሉን ስረግጥ እግሬ አይሰማኝም አለች። ከጥናቱ አስወጧት፤ ከዚያ ወዲህ አላዩዋትም።  የቀጭኔ እናት ከዚያ ቀጠሮ ቤት እንደገባች አንድ ቀሚሷን አውጥታ የቁልፎቹን ቀዳዳ በምላጭ አሰፋችው። የእሷ ጣቶች መርፌ አልጨብጥ ስላሉ ጠርዙን የሰፋችው ቀጭኔ ናት። አሁን ቁልፎቹ ገና ሲነኩ ሾልከው ይገባሉ። ልብስ ሰፊ ካልሆነ ማንም አይነቃባትም።

«ይሄ የፈተና ቀሚሴ ነው» ብላ ነበር ያን ዕለት። «ፈተና የምታልፊው አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽ ማነው?»

ያኔ ቀጭኔም አብራት ስቃለች። አሁን የተላጡትን ጣቶች ቅባት ስትቀባ ግን አልሳቀችም።

«ነገ ሲስተር ይሄን ስታይ ምን ልትያት ነው? እሷ እኮ ነቄ ናት፣ አትሸወድም።»

«ካውያ ፈጀኝ እላታለሁ። ልብስ ሰፊን ካውያ ቢፈጀው ምን ይገርማል?»

«አልተሰማሽም እኮ! እኔ ባልኖር እጅሽ እዚያው ይጠበስ ነበር።»

«አለሽልኝ አይደል?»

«ትምህርት ቤት ስሆንስ?»

 እናቷ ካውያውን ነቅላ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ጣቴ ቢደነዝዝ አልሞትም። መድኃኒቱን ከከለከሉኝ ግን አንቺን ለማን ነው የምተውሽ? ነገ ስትጠይቅሽ ደህና ናት በያት። ሌላ ምንም አላስቸግርሽም።»

በማግስቱ ቀሚሱ ሥራውን ሠራ። እናቷ ከላይ እስከ ታች ፈትታ ቆለፈች፤ ቁልፎቹ ጥልቅ ጥልቅ አሉ።

«ከእኔ ትፈጥኛለሽ» አለች ሲስተር። ከዚያ ጣቶቿን አየች። «ይሄስ?»

«ከካውያዬ ጋር ተጣልተን ነው።»

ሲስተር ፈገግ ብላ ቀጭኔን እንድትወጣ በጭንቅላቷ ጠቀሰቻት። ኮሪደሩ ላይ የሕክምና አልጋ የሚገፋ ሰው እስኪያልፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቆሙ።

«እሺ፣ ቤት ውስጥስ እንዴት ናት?»

ቀጭኔ የተዘጋውን በር አየች። «ደህና... ደህና ባትሆንስ ታስወጧታላችሁ?»

 «ልዋሽሽ አልፈልግም» አለች ሲስተር። «መጠኑ ሊቀነስላት ይችላል። ለጊዜው ሊቆም ይችላል። ጨርሶ ሊቀርም ይችላል። የምወስነው እኔ አይደለሁም።»

«ያቺ ሹራብ የምትሠራዋ ሴትዮስ?»

«የሌላ በሽተኛ ነገር አልነግርሽም። የእናትሽንም ለሌላ አልናገርም።»

ቀጭኔ ተናደደች። በሲስተርም፣ በእናቷም፣ ይህን ሁሉ በእሷ አፍ ላይ ባንጠለጠሉት ሁሉ ተናደደች። ደህና ናት ብትል አሁኑኑ ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ እናቷም ደስ ይላታል። እሷ ግን ከነገ ጀምሮ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ካውያውን፣ ምድጃውን፣ መቀሱን ስታስብ ልትውል ነው። እውነቱን ብትናገር ደግሞ፣ መድኃኒቱ ቀርቶ እናቷ እንደገና አልጋ ላይ ብትወድቅ፣ ያስወጣኋት እኔ ነኝ እያለች ልትኖር ነው። ወዲህም ወዲያም መፈናፈኛ የለም። ማልቀስ አማራት፤ እንዳታለቅስ ከንፈሯን ነከሰች።

ከበሩ ወዲያ የእናቷ ሳል ተሰማ። ጆሮዋን ጥላ እየጠበቀች እንደሆነ ቀጭኔ አላጣችውም።

«እዚህ አልነግርዎትም» አለች።

«ለምን?»

«ከጀርባዋ አልናገርም። ፊቷ ነው የምናገረው።»

ሲስተር ትንሽ አየቻትና በሩን ከፈተችላት። እናቷ የልጇን ፊት ገና ስታይ ነገሩ ገባት።

«ቀጭኔ፣ ተይ» አለች ቀስ ብላ።

ቀጭኔ አጠገቧ ተቀመጠች። እጇን ልትይዛት ብላ ጣቶቿ እንደማይሰሟት ትዝ አላት። ስለዚህ ከፍ አድርጋ፣ ክርኗ አካባቢ፣ በሚሰማት ቦታ ጭብጥ አደረገቻት።

«ሲስተር፣ ትናንት ካውያው ሲፈጃት አልተሰማትም» አለች።

እናቷ ክንዷን አልነጠቀቻትም።