የደረጃው መብራት

የመብራት ማደብዘዣ ማዞሪያ ሠሪው ሬሳ በምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ ተዘርሯል። ከወዲያ ጥግ የእንጨት ማለስለሻው ማሽን ሰው እንዳለው ሁሉ ይጮኻል። መርማሪዋ መጀመሪያ ያጠፋችው እሱን ነው፤ ሬሳ ፊት የሚለፈልፍ ነገር አትወድም።

«እኔ ነኝ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ጠዋት ተጣላን። እኔ መብራቱ ሁሉ በስልክ ይሁን አልኩ። እሱ ደግሞ ጣት ሲያዞረው ጠቅ ብሎ መልስ የሚሰጥ ማዞሪያ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሲወርድ ጠብቄ የደረጃውን መብራት በስልኬ አጠፋሁበት።»

ሚስትየዋ ደረቷን መታች። «ወንድም ብዬ ያበላሁህ! እንደ ሁሌው ለምሳ ስጠራው ሞቶ ነበር ማለት ነው?»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ። መርማሪዋ ማለስለሻው አጠገብ የተሰቀለውን የጆሮ መከላከያ አገላብጣ አየች። ከደረጃው ሥር አንዲት ክብ የእንጨት ማዞሪያ አነሳች። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ የመብራቱን ማዞሪያ አስተዋለችና እስከ መጨረሻው መልሳ እንደገና አዙራ አበራችው። ሁለቱንም ጠራቻቸው።

«ይህ ማዞሪያ ሙሉ ብርሃን ላይ ነበር፤ መብራቱ ግን ጠፍቶ ነው የተገኘው። ሟቹ አብርቶ ሲወርድ በስልክ ጠፍቶበታል። እስከዚህ እውነትህን ነው። በል አጥፋው።»

ወንድምየው ስልኩን ነካ። ደጋግሞ ነካ። መብራቱ ቦግ እንዳለ ቀረ።

«ወንድምህ ከጠቡ በኋላ ስልክህ መብራቶቹን እንዳያዝ አቋርጦታል። አንተ አላወቅህም።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለች ሚስትየዋ።

መርማሪዋ ከሥራዋ ሁሉ ይህችን ደቂቃ ትጠላለች። ዝም ብትል ደግሞ ንጹሕ ሰው መታሰሩ ነው።

«ባለቤትዎ እንጨት ሲያለሰልሱ ጆሯቸውን ይሸፍናሉ። ለምሳ እንዴት ነበር የሚጠሯቸው?»

«የደረጃውን መብራት በስልኬ አጥፍቼ…» ወደ ምድር ቤቱ ቁልቁል አየች። «ማሽኑ ይጮህ ነበር እኮ! ሥራው ላይ ያለ መስሎኝ…»

«ማሽኑን ሳያጠፉ ይህቺን ማዞሪያ ሊያመጡ ለአፍታ ወጥተው ሲመለሱ ነው ደረጃው የጨለመባቸው። ግቢ ፀሐይ ላይ አስጥተዋት ነበር መሰለኝ።»

ወንድምየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እትዬ፣ ያጠፉት እርስዎ መሆንዎን እንዳያውቁ ብዬ ነው በራሴ ላይ የተናገርኩት። ማዞሪያዋን ለወጥ ቤት ነው የሠራልዎት። ስልክ መነካካት ሲያሰለችዎት አይቶ፣ በዚህች እንዲጠሩት።»

ሚስትየዋ ማዞሪያዋን በመዳፏ ተቀበለቻት። ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም፤ ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

«ምሳው እኮ ደርሶ ነበር» አለች።